የፎቶ ግሩፕ የወሬ ግሩፕ ሲሆን እንዴት እናስተካክል?

አንዱ ስለ ሌንስ ይጠይቃል። ሌላው መመለስ ይጀምራል። በመሃል አንድ ሰው የትናንት ማታውን ኳስ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው 80 መልእክት ኳስ ብቻ ነው። ጠያቂው ሁለት ቀን ጠብቆ ውልቅ ይላል። ይህ ያልገጠመው አድሚን ያለ አይመስለኝም።

1. መጀመሪያ ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሰው ግሩፕ የሚገባው ለካሜራ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው። የምታዩት አንድ ነገር ነው፦ ወሬው ያልተመለሰ ጥያቄ ሸፍኗል ወይ? ካልሸፈነ ተዉት፤ ራሱ ይበርዳል።

2. ለወሬው ቤት ስጡት። ቴሌግራም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግሩፕን በቶፒክ መከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ለጥያቄ፣ አንዱ ለፎቶ አስተያየት፣ አንዱ ለጨዋታ። ዋትስአፕ ላይ ሁለተኛ ግሩፕ ክፈቱ። ስሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ከርዕስ ውጭ» ካላችሁት የቅጣት ክፍል ይመስላል። «ጨዋታ» በሉት። ቀድማችሁም አንድ ሁለት ነገር ጻፉበት፤ ጭር ያለ ቤት ማንም አይገባም።

3. ምን የት እንደሚጻፍ የሚለውን ደንብ ፒን አድርጉ። ሦስት መስመር ይበቃል።

4. ወሬው ሲያፈተልክ ጥያቄውን መልሳችሁ አንሱት። ብዙ አድሚን የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ከርዕስ አትውጡ!» ብሎ መጮህ ሌላ 20 መልእክት ይወልዳል፤ ግማሹ ይቅርታ፣ ግማሹ ክርክር። ይልቅ የተቀበረውን ጥያቄ ሪፕላይ አድርጉና «እስቲ ይቺ የሌንስ ጥያቄ ሳትመለስ ቀረች፤ እኔ እንደሚመስለኝ...» ብላችሁ መልሱ። ቀጥሎ «ኳሱን ጨዋታ ክፍል እንቀጥለው፣ እኔም መጣሁ» በሉ። ከዚያ በእውነት ሂዱ። የሚያውከው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ከሆነ በኢንቦክስ አናግሩት። በሰው ፊት አትገስጹት።

5. ክርክር ከጋለ አቀዝቅዙት። ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ አለ፤ አንድ አባል ሁለተኛ መልእክት ለመላክ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል። ዋትስአፕ ላይ ለጊዜው አድሚን ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ስድብና የማጭበርበሪያ ሊንክ ግን ምንም ሳይጠበቅ ይጥፋ።

ደንቡን ለጊዜው የምትተዉበት ቀንም ይመጣል። አንድ የቆየ አባል በዋናው ክፍል መሃል «እናቴ አረፈች» ብሎ ቢጽፍ፣ ወደ ጨዋታ ክፍል ሂድ አይባልም። የዚያን ቀን የሌንሱ ጥያቄ ይጠብቅ።