ባለ ክንፍ የጎማ ዳዶ በምን ይመታ?
የድሮዎቹን የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ኤምጂቢ ወይም ጃጓር ኢ-ታይፕ ያላችሁ፣ እባካችሁ ባለ ክንፉን የመሃል ዳዶ (ጎማውን የሚይዘውን፣ ክንፉ እየተመታ የሚጠብቀውንና የሚፈታውን) በብረት መዶሻ አትምቱ። ክሮሙ ይላጣል፣ ክንፉም ይጎዳል። ለዚህ የሚሆነው ከዳዶው የለሰለሰ መዶሻ ነው። የእርሳስ መዶሻ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ቅርፁ ቶሎ ይበላሻል እንጂ ክሮም አይቧጭርም። የመዳብ መዶሻ ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ምልክት ሊተው ይችላል። እኔ የምመርጠው ክንፎቹን የሚያቅፍ የእንጨት ቁልፍ ነው። ምቱ እንጨቱ ላይ ያርፋል፣ ዳዶው ይተርፋል። ቀላል መዶሻ ግን አትግዙ፤ ክብደት ከሌለው ደጋግማችሁ ትመታላችሁ፣ ስታችሁም ቸርኬውን ታገኙታላችሁ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ክንፉን ከልክላ ስለነበር፣ ስምንት ማዕዘን ዳዶ ያላቸውም አሉ። እነሱ በልካቸው የተሠራ ቁልፍ ይፈልጋሉ። የቧንቧ ቁልፍ ማዕዘኑን ይበላዋል።

ዳዶውን ስታጠብቁ መኪናው በክሪክ ከፍ እንዳለ ጀምሩ፤ ቸርኬው መሃሉን ይዞ ይቀመጣል። አቅጣጫውን ልብ በሉ። በእነዚህ መኪኖች የግራው ጎን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ፣ የቀኙ ደግሞ በተቃራኒው ይጠብቃል። ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ እንደገና መትታችሁ አረጋግጡ።