ዝቃጭ ይፈጠራል ወይስ አይፈጠርም? ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት የጨው ሙሙቶች ሲቀላቀሉ ዝቃጭ (ከሙሙቱ ተለይቶ የሚወርድ የማይሟሟ ጠጣር) መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የትኛው ጨው እንደሚሟሟ የሚናገሩትን ሕጎች መሸምደድ ብቻውን አይበቃም።

አዮኖቹን (ጨው ሲሟሟ የሚለያዩትን የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ሳይለዩ መጀመር። ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ናይትሬት ሲቀላቀሉ አንዳንዱ የግድ ምርት ይጽፋል። አዮኖቹ ቢለዋወጡ የሚገኙት ጨዎች ግን ሁለቱም በደንብ ይሟሟሉ፤ የተለወጠ ነገር የለም። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም ወይም ናይትሬት ያለበትን ጥንድ አስቀድመው ይሰርዙ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው።

አንድ ዝቃጭ እንዳገኙ ማቆም። ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ከማግኒዚየም ሰልፌት ጋር ሲገናኝ ባሪየም ሰልፌትም ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድም ይዘቅጣሉ። ሁለቱንም ጥንዶች ይፈትሹ።

ስሌቱን በጥድፊያ መሥራት። ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ነው። እኩል መጠን ያላቸው 0.04 ሞላር (በሊትር 0.04 ሞል) ሌድ ናይትሬትና 0.04 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ተቀላቀሉ እንበል። የሌድ ክሎራይድ ኬኤስፒ (የአዮኖቹ ክምችት ብዜት ካለፈው ዝቃጭ የሚፈጠርበት ወሰን) በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.7 × 10⁻⁵ ገደማ ነው። ሲቀላቀሉ መጠኑ እጥፍ ስለሚሆን የእያንዳንዱ አዮን ክምችት ወደ 0.02 ይወርዳል። በሌድ ክሎራይድ ቀመር (PbCl₂) ክሎራይዱ ሁለት ስለሆነ ክምችቱ በራሱ ይባዛል፦ 0.02 × 0.02 × 0.02 = 8 × 10⁻⁶። ይህ ከኬኤስፒው ያንሳል፤ ዝቃጭ የለም።

አሁን ስህተቶቹን ይመልከቱ። መቅጠኑን የዘነጋ 6.4 × 10⁻⁵ ያገኛል። በራሱ ማባዛቱን የረሳ 4 × 10⁻⁴ ያገኛል። በቀመሩ ውስጥ ሁለት ክሎራይድ አይቶ ክምችቱን 0.04 ያደረገም 3.2 × 10⁻⁵ ላይ ይደርሳል፤ ክሎራይዱ የመጣው ከሶዲየም ክሎራይድ መሆኑን ልብ አላለም። ሦስቱም ከኬኤስፒው ስለሚበልጡ «ይዘቅጣል» ይላሉ፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ከቅልቅሉ በኋላ ያለውን ክምችት ከማንኛውም ብዜት በፊት ለብቻው እንዲጽፉ ነው።

የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ጨዎች በኬኤስፒ ብቻ ማወዳደር። ሲልቨር ክሎራይድ (1.8 × 10⁻¹⁰) ከሲልቨር ክሮሜት (1.1 × 10⁻¹²) የበለጠ የሚሟሟ ይመስላል። ግን ክሮሜቱ ሁለት ሲልቨር ስላለው በንጹህ ውኃ ውስጥ በሞል ሲለካ ይበልጥ የሚሟሟው እሱ ነው።

የጨመሩትን መጠን መርሳት። አልሙኒየም ክሎራይድ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሲደረግ ነጭ ዝቃጭ ይታያል። ሃይድሮክሳይዱ ሲበዛ ግን ያው ዝቃጭ ተመልሶ ይሟሟል።