ልጁ የሚተነፍሰው የትኛውን አየር ነው? ስለ ጭስና ስለ ሕፃናት ሳል ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልደታ አካባቢ ከቤት ቤት እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። ጥናቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሳል ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት ነው። አንዲት እናት በር ላይ ተቀበለችኝ። «ምግብ የምታበስሉት በምንድን ነው?» የሚለውን አነበብኩላት። «በኤሌክትሪክ» አለች። ምልክት አደረግኩ። ሦስት ጥያቄ እንኳ ሳንሄድ ታናሽ እህቷ የፋመ የከሰል ምድጃ አንጠልጥላ ከበረንዳው ወደ ክፍሉ ገባች። ሕፃኑ አልጋው ላይ ተኝቷል። ጀበናው ተጣደ፣ ዕጣን ተጨሰ። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ወረቀቴ ላይ ግን ያ ቤት ጭስ የሌለበት ቤት ነው።

«በምን ታበስላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ

እናትየዋ አልዋሸችም። ጥያቄው ነው አማርኛ የማያውቀው። በእኛ ቤት ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል። «ማብሰል» ብለህ ስትጠይቃት ወጡን ብቻ ነው የምታስበው። ወጡ ደግሞ እውነትም በኤሌክትሪክ ነው። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ መብራት ሲጠፋ የሚወጣው ከሰል፣ ለበዓል ግቢ ውስጥ የሚነደው እንጨት ሁሉ ከመጠይቁ ውጪ ቀረ።

ኋላ ላይ ጥያቄውን ቀየርነው። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ቤት ምን ምን እሳት ነደደ?» እንላለን። ቀጥሎ ደግሞ «ያኔ ልጁ የት ነበር?» ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ እናቱ የምትስበውን ጭስ ይስባል። ደግሞም ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ከ40 እስከ 60 ጊዜ። ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ወደ ሳንባው የሚገባው አየር ከእናቱ ይበልጣል።

ጭሱን ሁሉ ለመኪና መስጠት

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሞ ጥቁር ጭስ ፊቱ ላይ የተነፋበት ሰው ለምን መኪናን እንደሚረግም ይገባኛል። አሮጌ ሚኒባስ ናፍጣውን ሳያቃጥል ነው የሚተፋው። ከተማዋ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ ያልተስተካከለ ሞተር ነዳጁን አንጀት በሚያርስ መንገድ አያነደውም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው አሮጌው ግን ገና አለ። ካዛንቺስና ፒያሳ ሲፈርሱ የተነሳው አቧራም ሳይረሳ። ብቻ የሁለት ዓመት ልጅ ቀኑን የሚያሳልፈው አደባባይ ላይ አይደለም። ቤት ነው፣ በረንዳ ነው፣ እናቱ ጉልት ካላት ደግሞ ጉልቷ አጠገብ ነው። የመንገዱን ብቻ የሚለካ ሰው የልጁን ቀን ግማሽ እንኳ አላየም።

ካላየሁት የለም ማለት

«እስኪፋም ውጪ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ አይጨስም» ይሉሃል። ልክ ናቸው፣ ሲቀጣጠል ያለው ጭስ የባሰ ነው፤ በተለይ በፌስታል ወይም በላስቲክ ከሆነ የተቀጣጠለው። የፋመው ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በር ተዘግቶ ከተተኛ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ነው፤ ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። የሰው ፀጉር ከእሱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይወፍራል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። ዕጣንም፣ እወደዋለሁና ከፍቶኝ ነው የምጽፈው፣ ይህንኑ ብናኝ ያወጣል።

ስልክ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ወረደ መውሰድ

አንድ ወዳጄ «ዛሬ አዲስ አበባ 100 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 5 ነው የሚለው፣ ሃያ እጥፍ አለፍን!» ብሎ ደወለልኝ። ሁለት ነገር አደባልቋል። አፑ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የአሜሪካኖቹ የአየር ጥራት ነጥብ ነው እንጂ የብናኙ መጠን አይደለም። ነጥቡ 100 ሲል ብናኙ 35 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው 5 ደግሞ የዓመት አማካይ ነው። የአንድ ቀኑ ወሰን 15 ነው። ስለዚህ ያ ቀን ወሰኑን ከእጥፍ በላይ አልፏል። ይህም ራሱ መጥፎ ነው፤ ሃያ ማለት አያስፈልግም።

ሌላው ነገር ቁጥሩ የት እንደተለካ ነው። ለዓመታት ብዙ ሰው የሚያየው የአሜሪካ ኤምባሲን መለኪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ አሜሪካ የኤምባሲዎቿን መረጃ ማሰራጨት አቆመች። ኤምባሲው ያለው ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ነው። መርካቶ ምን ዓይነት አየር እንዳለ እዚያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ሰዓቱም ይለያያል። በጋ ላይ ጠዋት ብርዱ ጭሱን መሬት ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

«ብርድ መታው» ብሎ መዝጋት

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ልጅ ሲያስለው ብርድ ነው እንላለን። መስኮት እንዘጋለን፣ ስንጥቁን በጨርቅ እንወትፋለን፣ ክፍሉ እንዲሞቅ ከሰል እናስገባለን። ክረምት ላይ ይህ በየቤቱ አለ። ብርድን ስንሸሽ ልጁን ከጭሱ ጋር እንቆልፍበታለን ማለት ነው።

ጭስ ብቻውን ሳንባ ምች አያመጣም፤ የሚያመጣው ባክቴሪያና ቫይረስ ነው። ጭሱ የሚያደርገው የሳንባን መከላከያ ማድከም ነው። ስለዚህ ሳሉ «ብርድ» ይሁን «ጭስ» ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም። ትንፋሹን መቁጠር ይሻላል። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ባለበት፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ጡት እንቢ ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ዳማከሴው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ካርድ ያወጡትን ብቻ መቁጠር

የጤና ጣቢያ መዝገብ ይዞ «በዚህ ወረዳ ሳል በዝቷል» ማለት ቀላል ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ግን የመጣው ብቻ ነው። ሩቅ ያለችው፣ ከሥራ መቅረት የማትችለው እናት ልጅ የለበትም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ቡታጋዝ የሚጠቀሙ ቤቶች ልጆች ብዙም አይታመሙም እንበል። ግን ቡታጋዝ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፣ አንድ አልጋ ላይ አራት ሰው አይተኛበትም፣ ልጁም ክትባቱን ጨርሷል። ታዲያ ልጁን የጠበቀው ቡታጋዙ ነው ወይስ የአባቱ ደሞዝ? ይህን ሳይለዩ «ጥናት አረጋገጠ» ማለት በየዜናው የምናየው ነው።

ምድጃ ቀየርን፣ በቃ ማለት

ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን አዲስ ምድጃ ሰጥተው ከሌላው ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ምን አገኙ? ጓቲማላ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለተሰጣቸው ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት፣ በጠቅላላው ሳንባ ምች ላይ አሳማኝ ልዩነት አልታየም፤ ከባዱ ሳንባ ምች ግን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ማላዊ ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ያሉበት ትልቅ ሙከራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲወጣ የተሻሻለው ምድጃ በሳንባ ምች ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። ከዚያ ወዲህ በአራት አገሮች፣ ሩዋንዳም አለችበት፣ ለቤቶች ቡታጋዝ ተሰጠ። የልጆቹ የጭስ መጠን በጣም ወረደ። ከባድ ሳንባ ምች ግን በግልጽ አልቀነሰም።

እነዚህን ሳነብ መጀመሪያ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እኛ ጋም ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ኪስ ያተርፋል፤ ሳንባን ያተርፋል ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። የማላዊው ነገር የገባኝ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው። ስምንት አባወራ፣ አንድ ግቢ። አንዷ ምድጃ ቀየረች። ሰባቱ አልቀየሩም። ጥግ ላይ ቆሻሻ ይነዳል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ምንም አይደረግ» የሚልም አለ፤ እሱም ስህተት ነው። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። አየሩ በቆሸሸባቸው ከተሞች ያደጉት ልጆች ሳንባ በደንብ ሳያድግ ቀርቶ ነበር። አየሩ እየጠራ ሲሄድ፣ ኋላ የመጡት ልጆች ሳንባ የተሻለ አደገ። የተለወጠው የአንድ ቤት ምድጃ ሳይሆን የከተማው አየር ነበር።

መጠይቁን ካረምን በኋላ አዲሶቹን ጥያቄዎች ለዚያች እናትም አቅርቤላት ነበር፤ ኋላ እንደገና ወደ ቤቷ ተመለስኩ። ቡናው በረንዳ ላይ እየፈላ ነው። «ያኔ ልጁ የት ነበር ስትሉኝ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰል ቤት አላስገባም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀና ስል ከበረንዳው አጠገብ የተከፈተ መስኮት አየሁ። ጭሱ ቀጥታ ወደዚያ ይገባል። የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የጎረቤቴ ነው» አለች። «እሷ እንኳ የአራት ወር ልጅ አላት።»