በስማርት ፕሪቪው የመልክዓ ምድር ፎቶ ሲቀናበር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቆሞ ንጋትን ያነሳ፣ ወይም ወደ ሐይቅ ተጉዞ የውኃውን ዳርቻ ያነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሮው ፋይሎቹን (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጣቸውን ዋና ፋይሎች) በውጫዊ ሃርድ ዲስክ አስቀምጦ በላፕቶፑ የሚሠራው በስማርት ፕሪቪው ነው። ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ያመጣው ይህ አሠራር ከዋናው ፋይል የተጨመቀና ረጅሙ ጎኑ 2560 ፒክስል የሆነ ትንሽ ዲኤንጂ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) ያወጣል፤ ሃርድ ዲስኩ ቤት ቢቀርም ማስተካከያው ሁሉ በካታሎጉ፣ ማለትም በላይትሩም መዝገብ፣ ተመዝግቦ ይቆይና ዲስኩ ሲሰካ በዋናው ፋይል ላይ ይውላል። ለቀለም፣ ለብርሃንና ለአቆራረጥ ከዚህ የተሻለ አቋራጭ አላውቅም። ጉዳቱ የሚመጣው ይህች ትንሽ ፋይል በማታሳየው ነገር ላይ በእርሷ ስንፈርድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በፕሪቪው ብቻ ፎቶ መርጦ የቀረውን መሰረዝ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው 6000 በ4000 ፒክስል ወደ 2560 ሲወርድ፣ ከአምስት የሚበልጡ የዋናው ፋይል ፒክስሎች በአንድ ይጠቃለላሉ፤ በዚህ መካከል የካሜራ መንቀጥቀጥና መጠነኛ የፎከስ መሳት ከዓይን ይሰወራሉ። በደብዛዛ ብርሃን ያለ ትራይፖድ የተነሱ ተመሳሳይ ፎቶዎች በፕሪቪው ሁሉም ጥርት ያሉ ይመስላሉ፤ ዋናው ፋይል በመቶ በመቶ (በሙሉ መጠኑ) ሲታይ ግን የአንዱ የተራራ ጠርዝ ድርብ ሆኖ፣ የሌላው የቅርብ ሣር ደብዝዞ ይገኛል። ስለዚህ በፕሪቪው መጣል የሚገባው ዓይናቸው የተጨፈነ ሰዎች ወይም የተዛባ አድማስ ያሉበትን፣ ጉድለቱ በግልጽ የሚታየውን ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ምርጫ ዲስኩ እስኪሰካ ይቆይ።

የጥላ ጉዳይም ከዚሁ ይወለዳል፤ የአካባቢያችን አቀማመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። ንጋት ላይ ፀሐይ የጦሳን ተራራ አናት ስትመታ ደሴ ከተማ ገና በጥላ ውስጥ ናት። አንሺው ብርሃኑን ለተራራው አናት ለክቶ ያነሳና በኋላ ጥላውን በማቀናበሪያው ያበራዋል። ፒክስሎቹ ሲጠቃለሉ ኖይዝ የምንለው ሻካራ ነጠብጣብ ስለሚለሰልስ፣ ጥላው በፕሪቪው ንጹሕ ይመስላል፤ በዋናው ፋይል ግን ቤቶቹና ዛፎቹ በነጠብጣብ ተሸፍነው ይወጣሉ። ዲሄዝ የሚባለው ጉም መቀነሻም ነጠብጣቡን ያጎላዋል። እግረ መንገዴን ልናገረውና፣ የክረምት ጉም ለደሴ ጉድለት አይደለም፤ ጨርሶ የተወገደለት ፎቶ የትም የተነሳ ሊሆን ይችላል። ሻርፕ ማድረግ (ጠርዞችን ማጥራት) እና ኖይዝ መቀነስ ምንጊዜም ዋናው ፋይል እየታየ ቢሠሩ ይመረጣል።

ዲስኩ ሳይሰካ ለሕትመት ኤክስፖርት ማድረግ፣ ማለትም የተቀናበረውን ፎቶ እንደ አዲስ ፋይል ማውጣት፣ ሌላው ስህተት ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን ያወጣል፤ ነገር ግን መጠኑ ከ2560 ፒክስል አያልፍም። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም ሥራ ይህ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ሲሆን፣ ከላይ የጠቀስነው ዋና ፋይል ግን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለግድግዳ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ያዘዘ ደንበኛ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ለሚላክ ፎቶ ግን ያው ፕሪቪው ከበቂ በላይ ስለሆነ ዲስክ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ፎልደሮችን ከላይትሩም ውጭ፣ በኮምፒውተሩ ፋይል ማሳያ፣ ማዛወርና ስማቸውን መቀየር ካታሎጉን ከዋናዎቹ ፋይሎች ያለያያል፤ ዝውውሩ በራሱ በላይትሩም ውስጥ ይደረግ።

ፕሪቪውን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ ቆጥሮ ዋናውን መሰረዝም የሚታይ ጥፋት ነው። የተጨመቀው ፋይል የጣለው ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም፤ የአደይ አበባ ፎቶም ለማንሳት እስከሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ይጠይቃል። ዋናዎቹ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይቀመጡ፤ ካታሎጉም አብሮ ይገልበጥ፣ ማስተካከያው ያለው እዚያ ነውና።

በመጨረሻ፣ በላይትሩም ምርጫዎች ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል፣ ዋናው ፋይል እያለም በስማርት ፕሪቪው እንዲቀናበር የሚያዝ ምርጫ አለ። ዝግተኛ ላፕቶፕን በጣም ያፈጥናል፤ ዲስኩ እስከተሰካ ድረስም ኤክስፖርቱ በሙሉ መጠን ይወጣል። የዚህን ምርጫ ምልክት ረስቶ መተው ግን፣ ፎቶው በመቶ በመቶ እስካልታየ ድረስ፣ ዲስኩን የሰካ ሰው ዋናውን ፋይል የሚያይ እየመሰለው በትንሿ ፋይል እንዲፈርድ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ኖይዝና ወደ ሻርፕነት ሥራ ከመገባቱ በፊት ምልክቱ ቢነሣ ይሻላል።