ሥዕልን ሳይሳሱ በፖስታ ለመላክ

ለሌላ ሠዓሊ ልትልኩት የጀመራችሁት ትንሽ ሥዕል ሲያልቅ ከእጃችሁ ማውጣት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ አድራሻውን ከሥዕሉ አስቀድሙ። የምትስሉበትን ባዶ ካርድ ገልብጣችሁ የተቀባዩን ስም ውሃ በማያስለቅቀው ብዕር ጻፉበትና፣ ቴምብር የተለጠፈበትን ፖስታ ከቀለሙ አጠገብ አስቀምጣችሁ መሳል ጀምሩ። ሥዕሉ ከመነሻው የሰው ስለሚሆን፣ ሲያልቅ የሚቀረው ፎቶ አንስቶ ማሸግ ብቻ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ በተጀመረው የሠዓሊያን የካርድ ልውውጥ፣ ካርዱ የማይሸጥና 64 በ89 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑም ስስቱን ያቀለዋል፤ መዳፍ በማይሞላ ነገር ማን ይሟገታል? በዘይት ቀለም ለተሠራ ሥዕል ግን ፖስታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት አያዋጣም፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ቶሎ ከታሸገ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል።