የከሰል ካውያን ወደ ጠረጴዛ መብራት ስለመለወጥ

በአዲስ አበባ ጠርዝ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ ከፎቁ ሥር «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ በተሰማ ቁጥር ከአሮጌው ቤት ተጭኖ መጥቶ በአዲሱ ቤት ቦታ ያጣ ዕቃ ይወርዳል፤ የኢናሜል ማንቆርቆሪያ፣ የሥጋ መፍጫ፣ ብርጭቆው የተሰበረ ፋኖስ፣ እጀታው የላላ የከሰል ካውያ። ከእነዚህ ሁሉ ለጀማሪ የምመርጠው ካውያውን ነው። ክብደቱ ራሱ መቀመጫ ይሆነዋል፣ ክዳኑ በማጠፊያ ይከፈታል፣ ከሰሉ እንዲተነፍስ በጎንና ጎኑ የተደረደሩት ቀዳዳዎችም ብርሃኑን ቆራርጠው ግድግዳው ላይ ይበትኑታል። ከቁራሌው ያልቀናው ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ ሊፈልግ ይችላል።

በመጀመሪያ የተጋገረውን አመድ በሽቦ ብሩሽ ማራገፍ፣ የዛገውን ክፍል በአቼቶ ነክሮ ማሳደርና በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቀለም የተቀባበት አሮጌ ዕቃ ከሆነ ግን ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፋቅ አይገባም። የእንጨት እጀታው ጥቂት የተልባ ዘይት ይበቃዋል። አዲስ ቀለም መቀባትን አልመክርም፤ ከሰል ያጠቆረው ብረት ከማንኛውም ቀለም ይልቅ ያምራል።

ለሥራው ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ይበቃሉ (ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ስሞች በዚህ ሙያ ውስጥ ገና አልተነኩም)። ብዙዎቹ ካውያዎች ከኋላቸው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ስላላቸው ገመዱን በዚያ ማሳለፍ እንጂ በትራፓኖ አዲስ መብሳት አያስፈልግም። የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ግን በጎማ መሸፈን አለበት። ይህን የምለው በደረሰብኝ ነው፤ የመጀመሪያውን ካውያዬን ስሠራ ባለሁለት ሽቦ ገመድ በባዶው ቀዳዳ አሳለፍኩ፤ ሁለት ወር ያህል ካገለገለ በኋላ ብረቱ ልባሱን ፈግፍጎት ኖሮ ክዳኑን ልከፍት ስነካው ክንዴን ነዘረኝ።

ስለዚህ አካሉ ብረት ለሆነ መብራት ባለሦስት ሽቦ፣ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ አዲስ ገመድ መጠቀም ግድ ነው። ቡናማው ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ፣ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል አልፎ በአምፖል መያዣው መሐል ካለው ምላስ ጋር ይታሰራል፤ ሰማያዊው ከጥምዝማዛው ዙሪያ ጋር ይገናኛል። አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ወደ ብረቱ ያመለጠን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ በነጣበት ቦታ ላይ በብሎኑ ይጠበቃል። የዛገ ማጠፊያ ኤሌክትሪክ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማያስተላልፍ ከአካሉ ወደ ክዳኑ ሌላ አጭር የመሬት ሽቦ መዘርጋት ይገባል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ገመዱ ሲጎተት ማሰሪያዎቹ እንዳይፈቱም ከውስጥ በኩል በማነቂያ መያዝ አለበት።

ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይፈተሻል፤ የካውያው አካል ከመሬቱ ጋር መገናኘት፣ ከሌሎቹ ሁለት ሽቦዎች ጋር ግን ፈጽሞ አለመገናኘት ይኖርበታል። የእኛ ሶኬት ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ ማብሪያ ማጥፊያ በሌለበት ሽቦ ሊመጣ ይችላል፤ አምፖል ሲቀየር ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መንቀልም ይገባል። በ220 ቮልት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ማሰሩን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢተወው የመብራቱ ባለቤትነት አይቀርበትም።

በከተማው ዳር ባሉ የጭቃ ቤቶች ግድግዳው ላይ ያለው መስኪያ የመሬት ሽቦ ላይኖረው ይችላል። በእንዲህ ያለ ቤት በስልክ ቻርጀር የሚሠራ፣ 5 ቮልት የሆነ የኤልኢዲ ጥብጣብ በካውያው ውስጥ መለጠፍ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም ከፓወር ባንክ ጋር አገናኝቶ መጠቀም ይቻላል።

አምፖሉ አንገቱ 14 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከ3 እስከ 4 ዋት የሚወስድ፣ ብርሃኑ ቢጫ ያለ ኤልኢዲ ይሁን፤ ከመግዛት በፊት የካውያውን ሆድ ከነመያዣው መለካት ያስፈልጋል። ኤልኢዲ በታፈነ ሙቀት ዕድሜው ስለሚያጥር ክዳኑ በትንሽ ሽብልቅ ተደግፎ ገርበብ ይላል፤ ክፍተቱ ወደ ግድግዳው ሲዞር አምፖሉ ዓይን አይወጋም፣ የጎን ቀዳዳዎቹም ነጠብጣባቸውን ጠረጴዛው ላይ ይጥላሉ።