ጅማ ላይ የወይን ጓዳ ሲያዘጋጁ የሚሠሩ ስህተቶች

መሬት መቆፈር። ከሁሉም የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ይፈስበታልና። ፈረንሳዮች ምድር ቤት የሚያስቀምጡት መሬታቸው ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ታች ሲወርዱ የአፈሩ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ጅማ ላይ ይህ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ወይን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የሚወደው ግን ከ12 እስከ 14 ነው። የቱንም ያህል ቢቆፍሩ ያንን ቅዝቃዜ አያገኙትም፤ የሚያገኙት ውኃ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቀዩ አፈር ውኃ ይዞ ይቆያል። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ያልበዋል፣ ወለሉ ያቁራል፣ የጠርሙሱ ወረቀት ሻግቶ ይላጣል።

ይልቅ ቤት ውስጥ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ክፍል ይፈልጉ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ኮርኒስ ያለው፣ የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ጓዳ ቆርቆሮው ፊት ለፊት ከሚታይ የብሎኬት ክፍል በእጅጉ ይሻላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጠርሙስ ውኃ ሞልተው ቴርሞሜትር ይክተቱበትና ክፍሉ ውስጥ ያቁሙት። በየካቲት ሙቀት ንጋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያንብቡ። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ካልበለጠ ክፍሉ ይሆናል። 19 ላይ የጸና ክፍል ሌሊት 14፣ ቀን 27 ከሚሆን ይመረጣል፤ ወይኑ ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ይገፋል፣ ሲበርድ አየር ይስባል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ወጣ ብሎ ካዩት፣ ያ ጠርሙስ ሙቀት መቶታልና ቀድመው ይጠጡት።

ሻጋታን በበረኪና ማጠብ። እባክዎ፣ ይህን አያድርጉ። ክሎሪን እንጨትና ካርቶን ላይ ካለ ሻጋታ ጋር ሲገናኝ ወይንን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን የሚያሸት ውህድ ይፈጠራል። ሽታው አንዴ ጓዳው ውስጥ ከሰፈረ ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ ብዙ ወይን ጠማቂዎች ክሎሪንን ከግቢያቸው ያስወጡት ለዚህ ነው። በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ፈግፍገው በደንብ ያድርቁ። ካርቶኑንም ያውጡት።

ሽታ ስላላቸው ቡና፣ ሽንኩርትና ናፍጣም እዚያ ክፍል አይግቡ።

መደርደሪያን በግምት ማሠራት። ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ጠርሙስ ቦታ ስፋቱም ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከወለል 20፣ ከግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ አየር ካልዞረ ይሻግታል። ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ቫርኒሽ ከተቀባ ግን ሽታው እስኪጠፋ ጠርሙስ አይደርድሩበት። 60 ጠርሙስ 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከግድግዳው ጋር ይታሰር። እግሮቹን ምስጥ እንዳይበላቸው በየወሩ ይዩ።

ቡሽ ያለውን ማቆም። ቡሹ ይደርቃል፤ ያጋድሙት። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም።

ነጩን ወራት ሙሉ የወጥ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቡሹ ይኮማተራል። ከመጠጣትዎ 2 ሰዓት በፊት ማስገባት ይበቃል። በእርግጥ 13 ዲግሪ ከፈለጉ ኮምፕሬሰር ያለው የወይን ፍሪጅ ይግዙ፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ መከላከያም ያድርጉለት። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ የሞላ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ቀዩን «በክፍል ሙቀት» ማቅረብ። የተባለው ክፍል 17 ዲግሪ ነው እንጂ የጅማ ከሰዓት አይደለም። በ27 ዲግሪ የአልኮሉ ሽታ ፍሬውን ይሸፍነዋል። ከጓዳው እንዳወጡት 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት።

ሁሉንም ለዓመታት ማስቀመጥ። አብዛኛው ገበያ ላይ ያለ ወይን ለመጠጣት ዝግጁ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በ19 ዲግሪ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ነጩንና ሮዜውን (ሮዝ ቀለም ያለውን) በ1 ዓመት፣ ከዝዋይ አካባቢ የሚመጡትን ሜርሎና ሲራ የተባሉ ቀይ ወይኖች በ2 ዓመት ውስጥ ይጨርሱ። ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለው ቀይ ወይን ትንሽ ይታገሳል። የገዙበትን ወርና ዓመት ጽፈው በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ በክር ያንጠልጥሉ፤ አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ከፊት።